በቀይ የተሰረዘችው መስመር

እስቲ ንገረኝ፤ የምትወዳት ልጅ አባት ዕቃውን ከልኩ በላይ አወድሶ ሲሸጥ ብታየው፣ ሽማግሌ ልትልክ ሦስት ቀን ቀርቶህ ሳለ፣ ብዕር አንስተህ “ይህ ልክ አይደለም” ብለህ ትጽፍለት ነበር? አትዋሽ፤ አትጽፍም። “ከሠርጉ በኋላ ይደርሳል” ትላለህ። ከሠርጉ በኋላ ደግሞ “አማቴን እንዴት ላስቀይም” ትላለህ። አገር የሚበላሸው እንዲህ ባለ ጨዋነት ነው። መቀሌ ውስጥ፣ የሓድነት ሰፈሩ መካኒክ ኢክሪማ አብዱልወዱድ ግን ጻፈ። የጻፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ ነው፤ ሽማግሌዎቹ የሚገቡት እሁድ ነበር።

ደብዳቤው ሮማናት አደባባይ አጠገብ ካለው የሐጂ አብዱሰመድ የመኪና መሸጫ ሲደርስ፣ የተቀበለችው ሩፋይዳ ነበረች። ሩፋይዳ የሐጂ ልጅ ናት። ገዢ ታስተናግዳለች፣ መኪና ይዛ ወጥታ ታሳያለች፣ ለገዢ የሚታደለውን ወረቀት ከፋብሪካው መጽሐፍ እየተረጎመች የምታዘጋጀውም እሷ ናት። የኢክሪማን እጅ ጽሑፍ ከሩቅ ትለየዋለች። የሚጽፍላት በጋራዡ የሥራ ማዘዣ ጀርባ ላይ ስለሆነ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከእሱ የመጡላት ቃላት ሁሉ ትንሽ ትንሽ ዘይት ይሸታሉ። ፖስታውን ስታይ ፊቷ በራ። ስሙን ስታነብ ግን ፈገግታዋ ከፊቷ ወረደ። የተጻፈው ለአባቷ ነበር።

ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው ቆመው አነበቡት። ጨርሰው ለእሷ ዘረጉላት።

“አንብቢው። ጮክ ብለሽ።”

“ለተከበሩ ሐጂ አብዱሰመድ። አሰላሙ ዓለይኩም። ይህች ከሶኬትም ከቤንዚንም የምትሠራ መኪናዎ ድንቅ ሥራ ናት። ሆዷ ሥር ተኝቼ ያየኋት ነኝና ምስክርነቴን አልነፍጋትም። ነዳጅ ማደያ ሳትሰለፍ ሳምንቱን ሙሉ ከተማ ውስጥ ትሠራለች፤ ድምፅ ሳታሰማ ዳገት ትወጣለች። ነገር ግን ለገዢ የሚሰጠው ወረቀት ‘አንድ ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ትጎትታለች’ ብሎ ያቆማል። ፋብሪካው ይህን ያለው የራሱ ፍሬን ላለው ተሳቢ ነው። ፍሬን ለሌለው ተሳቢ ልኳ ሰባት መቶ ሃምሳ ነው። እኛ ዘንድ በያጅ የሚሠራው ተሳቢ ፍሬን እንደሌለው እርስዎም ያውቃሉ። ከእርስዎ የገዙት አቶ ገብረሃንስ ቅዳሜ ወፍጮ ጭነው የኲሓን ቁልቁለት ሊወርዱ ነው። እባክዎ ይንገሯቸው። ለገዙት ሁሉ ይንገሯቸው። አክባሪዎ ኢክሪማ።”

“ጨረስሽ?” አሉ ሐጂ።

“ጨረስኩ፣ አባ።”

“የአብዱልወዱድ ልጅ! አባቱ ዕድሜውን ጆንያ ሲሸከም ኖረ፤ እሱ ደግሞ የእኔን ዕቃ ሊመዝን ተነሳ!”

“አባ፣ እሱ እኮ ያለው…”

“እሁድ ሽማግሌው ይመጣል አይደል? ይምጣ። እሱም ከሽማግሌዎቹ ጋር ይምጣ። በሰው ፊት ‘ተሳስቻለሁ፣ ደብዳቤዬን አንስቻለሁ’ ካለ መርቄ እሰጠዋለሁ። ካላለ በሩን ያውቀዋል።”

ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ወርውረው ወጡ። ሩፋይዳ ከመደርደሪያው አንድ ወረቀት አንስታ አየች። አንድ ሺህ አምስት መቶ ይላል፤ ከሥሩ ምንም የለም። እሷ ግን ሁለት መስመር መጻፏን ታስታውሳለች። ረቂቁን ከፋይሉ አወጣች። ሁለተኛዋ መስመር፣ ሰባት መቶ ሃምሳዋ፣ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዛለች። ከጎኗ በአባቷ እጅ “ይህች ገዢ ታስፈራለች፣ ትውጣ” ተብሎ ተጽፏል። ከማተሚያ ቤት ሲመጣ ጥቅሉን ፈትታ ያደለችው እሷው ናት። አንድም ቀን መልሳ አላነበበችውም።

ረቂቁን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ግን ከቀዩ መስመር ይበልጥ ያቆሰላት ሌላ ነበር። ኢክሪማ ወረቀቱን የምትጽፈው እሷ መሆኗን ያውቃል። አውቆም አስቀድሞ ወደ እሷ አልመጣም። ሁለት ዓመት የጻፈላትን ሁሉ በልቧ ስታገላብጥ፣ እንዲህ ያለ ዝምታ አንድም ቦታ አላገኘችም።

*

ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ ሓድነት ወረደች። ከጋራዡ በር ላይ የኢክሪማ አባት አብዱልወዱድ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሰላምታዋን ተቀብለው ፊቷን ሲያዩ “ውስጥ ነው፤ ቀስ ብለሽ ግደይው” አሏት።

ኢክሪማ ከአንድ ፒክአፕ ሥር ተንሸራቶ ወጣ። በዩኒቨርሲቲው እንዳ ኢየሱስ ካምፓስ ምህንድስና ሲማር ጦርነቱ ከመሀል አቋረጠው። ወደ ክፍል አልተመለሰም፤ መጽሐፎቹ ግን ከመፍቻዎቹ ጎን መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል። መጽሐፍም መፍቻም በአንድ እጁ የሚይዝ ሰው በዚህ ከተማ ስንት አለ? መጀመሪያ የወደደችው በዚህ ነበር። አባቷ ያስመጡትን የመጀመሪያዋን መኪና ሥሯ ይታይ ተብሎ ይዛ ስትመጣ፣ ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ አንድ ሰዓት ቆየ። ሲወጣ “ይህን የሠራ ሰው እጁ ይባረክ” አለ። ሰው የሠራውን ነገር እንዲህ ሲያደንቅ አይታ አታውቅም ነበር።

“ልብ ቢኖርህ ለእኔ አትነግረኝም ነበር?” አለችው፣ ሰላም ሳትለው።

“ለአንቺ ብነግርሽ በአባትሽና በእኔ መሀል አቆምሽ ነበር።”

“አሁንስ የት የቆምኩ መሰለህ?”

እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ያልቆሸሸውን ጣት ሳይቀር ጠረገ።

“ሩፊ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ወረቀቱን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?”

ረቂቁ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። አውጥታ ብታሳየው ነገሩ በአንድ ቃል ያልቃል። ግን ቀዩ የአባቷ እጅ ነው። ያሳደጋትን እጅ እዚህ፣ ዘይት በነካው ጠረጴዛ ላይ አውጥታ ልታሰጣ አልቻለችም።

“እኔ ነኝ” አለች።

“ሰባት መቶ ሃምሳውን ረስተሽው ነው?”

“አልረሳሁትም።”

ከዚህ በላይ ክፉ መልስ አልነበረም። ዓይኑ ከፊቷ ወርዶ ወደ መሬት ሄደ፤ እዚያው ቀረ።

“እሺ” አለ በቀስታ።

“አባቴ እሁድ በሽማግሌ ፊት ደብዳቤህን አንሳ ብሎሃል። ታነሳለህ?”

“አላነሳም።”

“እኔንስ?”

“አንቺን ካጣሁ ወላሂ ሰው አልሆንም። ግን ያ ሰውዬ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ ከድቶት ገደል ቢገባ፣ እኔ ሙሽራ ሆኜ… ምን ብዬ እስቃለሁ? አንቺስ ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ምን ብለሽ ታድሪያለሽ?”

ዞራ ወጣች። አብዱልወዱድ እስከ ታክሲው ማቆሚያ ሸኟት። ጉልበታቸው ይታመማል፤ ወገባቸው ግን እንደ ሻማ ቀጥ ያለ ነው።

“ልጄ” አሉ ከመንገዱ ጥግ ቆመው፣ “አባትሽ መቀሌ ሲገባ ምን ይሠራ ነበር ብሎ ነግሮሻል?”

“ጨርቅ ይነግድ ነበር።”

“እሱ ኋላ ነው። በአንድ የጭነት መኪና ላይ ሆነን ነው ከወሎ የመጣነው፤ በአንድ መጋዘንም ነው የተሸከምነው። ሙሉ ኩንታል ነበር የሚጭኑብን። ‘አልችልም’ ያለ እንጀራው ይቆረጣል። አንድ ቀን አባትሽ ጆንያውን ከጀርባው አውርዶ፣ ነጋዴው ሁሉ ባለበት፣ ‘የእኔ ልክ ስድሳ ኪሎ ነው፤ ከዚያ በላይ የፈለገ አህያ ይከራይ’ አለ። ሳቁበት። አባረሩት። ሦስት ቀን ሳይቆዩ ለመኑት፤ ከእሱ የሚፈጥን ሰው አልነበራቸውማ! ከዚያ ወዲያ እኛም በስድሳ ሆንን። ይህ ወገቤ ዛሬ ቀጥ ብሎ የሚሄደው በአባትሽ ነው።”

“ለምን አልነገረኝም?”

“ሰው ሲከብር ጀርባውን ይሸፍናል። አንቺም እንዳልሰማሽ ሁኚ።”

ሚኒባሱ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ወደ ሓድነት ስትመለከት፣ የማታውቀው አንድ ወጣት፣ ጆንያ ከጀርባው እያወረደ፣ በዓይኗ ላይ ቆመ። በሕይወቷ አባቷን የዚያን ቀን ያህል ወድዳ፣ የዚያን ቀን ያህልም ተቆጥታባቸው አታውቅም።

*

ቅዳሜ ጠዋት ለአቶ ገብረሃንስ ሰባት ጊዜ ደወለች። አላነሱም። የማሳያዋን ነጭ መኪና ቁልፍ ብድግ አድርጋ የኲሓን ዳገት ወጣች።

አንድ የብየዳ ሥራ ቤት በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። የአቶ ገብረሃንስ ሰማያዊ መኪና ተሳቢ ተቀጥሎላት፣ ተሳቢው ላይ አዲስ ወፍጮ ከነሞተሩ ታስሮ ቆማለች። ከአፍንጫዋ ፊት ኢክሪማ ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆሟል። ሰው ይስቃል። ሰው ምን ጊዜም የሚስቀው እጁን ዘርግቶ በሚያስቆመው ላይ ነው፤ ገደል በሚከተው ላይ ስቆ አያውቅም።

“ቀናተኛ ነው በሉት!” ይላል በያጁ። “የሐጂን ልጅ ሲከለክሉት መኪናቸውን ሊያሰድብ መጣ!”

አቶ ገብረሃንስ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተዋል። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ወፍጮውን የሚተክሉት ሓድነት ነው።

“ወደይ፣ ልጄ፣ ተነስ ከፊቴ! ወረቀቱ አንድ ሺህ አምስት መቶ ይላል። የእኔ ከነተሳቢው አንድ ሺህ ሁለት መቶ ነው። ሂሳብ አስተምሬ ነው የሸበትኩት፤ ሦስት መቶ ይተርፈኛል! ደግሞ ዘመድ ቤት አሳድሬ ቻርጅ አድርጌያታለሁ። መቶ በመቶ! አንዲት ነጥብ አልጎደለችም!”

“የባሰው እሱ ነው፣ ጋሼ” አለ ኢክሪማ።

“መሙላቴ?”

“ቁልቁለት ላይ የምትይዝዎት ሞተሯ ናት። እየያዘች ከጎማው የምታገኘውን ኃይል ወደ ባትሪው ትልካለች። የሞላ እንስራ ግን ውሃ አይቀበልም። ባትሪው ሙሉ ከሆነ መያዟን ታላላለች፣ ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል። ከኋላዎ ደግሞ ፍሬን የሌለው ወፍጮ ይገፋል። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ የፍሬኑ ሸራ ይጨሳል፤ ከዚያ በኋላ ዱዓ ነው።”

“ፕሮፌሰር!” አለ አንዱ። ሳቁ እንደገና ተነሳ።

አቶ ገብረሃንስ ነጯን መኪና አዩ። “እሰይ! የወረቀቱ ባለቤት መጣች! ጓለይ፣ የኔ ልጅ፣ ንገሪልኝ እስቲ ለዚህ ሰው። አንድ ሺህ አምስት መቶ ነው አይደል?”

ሳቁ ቆመ። ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። ኢክሪማ ብቻ አልዞረም፤ መልሷን ከሐሙስ ጀምሮ የሚያውቅ መስሎት ነበር።

ሩፋይዳ ቦርሳዋን ከፈተች።

“አይደለም” አለች። “ሰባት መቶ ሃምሳ ነው፣ ጋሼ። አንድ ሺህ አምስት መቶው የራሱ ፍሬን ላለው ተሳቢ ነው። የሰጠሁዎት ወረቀት ጎደሎ ነው። ሳላነብ የሰጠሁዎት እኔ ነኝ፤ በእኔ ጥፋት ሊሞቱ ነበር።”

ረቂቁን ዘረጋችላቸው። አቶ ገብረሃንስ ከመኪናው ወርደው መነጽራቸውን ፈለጉ።

“ይህ በቀይ የተሰረዘው ምንድን ነው? ከጎኑም የተጻፈ አለ…”

ኢክሪማ ቀና ብሎ አየ። ያንን ቀይ እጅ ጽሑፍ ያውቀዋል። በየወሩ ከመሸጫው ወደ ጋራዡ የሚመጣው የሥራ ማዘዣ ሁሉ የሚጸድቀው በዚያው እጅ ነው። ከወረቀቱ ወደ ሩፋይዳ ዞረ። ሐሙስ ዕለት “እኔ ነኝ” ስትለው የተሸከመችው የማንን ሸክም እንደነበር አሁን ገባው። ዓይኖቿ “እባክህ” አሉት።

እጁን ሰዶ ወረቀቱን በቀስታ አጠፈውና መለሰላት። “ቁጥሩን አይተውታል፣ ጋሼ” አለ። “ቁጥሩ ይበቃል።”

እዚህ ላይ ቆም በልና አስብ። የልጅቷ አባት አባርረዋለሁ ብሎ ዝቶበታል፤ “የተሸካሚ ልጅ” ብሎታል። አሁን ማስረጃው እጁ ላይ ወድቆለታል፤ ምስክሩ ደግሞ መንደር ሙሉ ነው። አጥፎ መለሰው። እውነቱን ሳይሸሽግ የሰውየውን ክብር ሸፈነለት። ሁለቱን በአንድ እጅ መያዝ አይቻልም የምትሉ ሁሉ፣ እነሆ ተችሏል።

አቶ ገብረሃንስ ወደ ተሳቢው ዞሩ። “ታዲያ ወፍጮዬ እዚሁ ሊዘፍን ነው?”

“ይወርዳል” አለ ኢክሪማ። “ሞተሩን እንፈታለን። መጀመሪያ ሞተሩ ከነተሳቢው፣ ቀጥሎ ወፍጮው ከነተሳቢው። ሁለቱም ከሰባት መቶ ሃምሳ በታች ናቸው፤ በያጁ ይፍታ። እኛ ግን እስከዚያ ባትሪውን እናጉድል።”

“ሌሊቱን ሙሉ የሞላሁትን?”

“እስከ ሰማንያ። ዝም ብለን በመንዳት።”

አቶ ገብረሃንስ አንዱን አዩ፣ ሌላዋን አዩ፤ ጢማቸውን ዳሰሱ። “ጓለይ፣ ያዢ ቁልፉን። አንተ ከፊት ግባ። እኔ ከኋላ ነኝ። መኪናዋ የእኔ ናት፣ ሁለታችሁን ብቻችሁን የምለቅ ሞኝም አይደለሁም።”

ተሳቢውን ፈትተው ወጡ። መኪናዋ ድምፅ የላትም፤ የሚሰማው የጎማዋ ሹክሹክታ ብቻ ነው። መቶ። ዘጠና ስምንት። አቶ ገብረሃንስ “በዚያ በድንጋዩ በኩል አቋርጪ” ሲሏት ኢክሪማ “አይሆንም፣ ጋሼ” አለ። “ባትሪዋ ከወለሉ ሥር ነው፤ ሾጣጣ ድንጋይ አይወድም። በጭቃም ቢሆን የኋላ ጎማዋን የሚያዞረው ኤሌክትሪኩ ብቻ ነው፤ ቻርጅ ጨርሳ ጭቃ የገባች ዕለት የፊቱ ብቻውን ይደክማል።”

“ታዲያ ይህችን መኪና የምትወዳት ወይስ የምትጠላት?”

“እወዳታለሁ፣ ጋሼ። የምትችለውን እንደ እሷ የሚችል የለም። የማትችለውን ስላወቅሁ ነው የምወዳት። የማይችለውን ሳታውቅለት ‘እወድሃለሁ’ የምትለው ሰው፣ እሱ ከባድ ዕዳ አለበት።”

ዘጠና አንድ። ሩፋይዳ መሪውን ጨበጠች። “ሐሙስ ዋሽቼሃለሁ” አለች፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ።

“አውቄያለሁ።”

“ለምን እንደሆነም?”

“እሱንም። እኔም ዋሽቼሻለሁ። ‘በመሀል እንዳትቆሚ ብዬ ነው’ አልኩሽ። ፈርቼ ነው። ወረቀቱን ሳነብ፣ አውቀሽ ያደረግሽው ቢሆንስ ብዬ ፈራሁ። አንቺን ጠይቄ ‘አዎ’ ከምትይኝ ለአባትሽ መጻፍ ቀለለኝ። ጀግና አልነበርኩም፣ ሩፊ።”

ሰማንያ ስድስት። የመንገዱ መስመር በዓይኗ ውስጥ እየቀለጠ አስቸገራት። “ነገስ?” አለች።

“ነገ የአባትሽን ቀይ ቀለም ከአፌ አይሰሙም። ደብዳቤዬንም አላነሳም።”

“እንግዲያው ታጣኛለህ።”

ከኋላ ወንበር አቶ ገብረሃንስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “እኔ ተኝቻለሁ” አሉ። “ምንም አልሰማሁም። ብቻ ሰማንያ ደርሳለች።”

ቁልቁለቱን ራሷ ነዳችው፤ ሞተሩ ተሳቢው ላይ ነው። በየመታጠፊያው መኪናዋ ልጓም እንደተሳበላት በቅሎ ራሷን ትይዛለች፤ ሩፋይዳ ፍሬን የነካችው ከስንት አንዴ ነው። ሓድነት ሲደርሱ ቁጥሩን አየች። ሰማንያ ብለው ተነስተው ሰማንያ ሦስት ሆኗል። ሸክም ይዛ ወርዳ ተጠቅማ ገባች። ኢክሪማ እንደ ሕፃን ሳቀ፤ “ማሻአላህ፣ ተመልከቻት!” አለ። እሷ ያየችው ግን እሱን ነበር። እንዲህ የሚስቅ ሰው ነገ በዚህ ሰዓት ከቤቷ ተባርሮ ሊወጣ እንደሚችል ስታስብ፣ ልቧ ያለ ፍሬን ወረደባት።

*

እሁድ ከሰዓት በኋላ ሦስቱ ሽማግሌዎች ሐጂ ቤት ገቡ፤ የሰፈሩ መስጊድ ኢማም፣ አብዱልወዱድ፣ እና ነጭ ጋቢያቸውን የደረቡት አቶ ገብረሃንስ። “እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ግን ትናንት ሁለተኛ የወለደኝ ይህ ልጅ ነው” ብለው ነው የመጡት። ኢክሪማ ከበሩ አጠገብ ቆመ። ሩፋይዳና እናቷ ሀፊሳ ከመጋረጃው ጀርባ ናቸው፤ ልጅቱ ሽማግሌ ፊት አትወጣም፤ ወጉ ነው።

ሐጂ ሽማግሌዎቹን አክብረው አስቀመጡ፤ ቃላቸውን ሰሙ። ከዚያ ወደ በሩ ዞሩ።

“ልጄን ፈልገህ መጣህ። ደግ። ደብዳቤህን ታነሳለህ?”

“ሐጂ፣ ያዘዙኝን ሁሉ አደርጋለሁ። ይህን ብቻ አልችልም።”

“የጻፍከው ሐሰት ነው በል አላልኩህም። አንስቻለሁ በል። አንዲት ቃል ናት።”

“አንዲት ቃል ናት፣ ሐጂ። ግን የምትይዘው የሰው ሕይወት ነው።”

ሩፋይዳ በመጋረጃው ቀዳዳ ታየዋለች። “ወረቀቱን የሰረዙት እርስዎ ነዎት” ቢል ይድናል። አቶ ገብረሃንስም ወደ እሱ እያዩ የሚጠብቁት ያንን ነው። እሱ ግን ከንፈሩን ገጥሞ ቆመ። ስለ አባቷ ክብር እሷን ራሷን ሊያጣ ቆመ።

“እንግዲህ…” አሉ ሐጂ፤ እጃቸው ወደ በሩ ተነሳ።

“ይቆየን” አሉ ኢማሙ። “ልጅቱ ሳትጠየቅ አይፈረድም። ፈቃዷን ትናገር፤ ከፈቀደችም መህሯን፣ ባል ለኒካሁ የሚሰጣትን ስጦታ፣ ትጥራ።”

ሩፋይዳ መጋረጃውን ያዘች። ሀፊሳ የልጇን ሻርፕ ጫፍ ጨበጡ። “ተይ፣ ልጄ። ከዚያው ሆነሽ ተናገሪ። አባትሽን በሰው ፊት…”

“እማ፣ ስድሳ ኪሎውን ታውቂያለሽ?”

ሀፊሳ ደነገጡ። የባላቸውን ጀርባ ሠላሳ ዓመት ያጠቡ ሴት ናቸው፤ እንዴት አያውቁም! ጣታቸው አንድ በአንድ ላላ። ሻርፑን ለቀቁት።

ወጣች። እጇ ላይ ከአባቷ መሳቢያ ያወጣችው፣ ዘይት በነካው የሥራ ማዘዣ ጀርባ የተጻፈው ደብዳቤ ነበር።

“ፈቅጃለሁ” አለች። “መህሬ ይህ ደብዳቤ ነው። ወርቅ አልፈልግም፣ ሌላም አልፈልግም። ኢክሪማ፣ ትሰጠኛለህ?”

ኢክሪማ እስኪገባው ጊዜ ወሰደበት። “ሰጥቼሻለሁ” አለ፣ በጭንቅ።

“ኢማም፣ ሰው ለሚስቱ የሰጠውን መህር ያነሳል?”

ኢማሙ ጢማቸው ውስጥ ፈገግ አሉ። “አያነሳም። የእሷ ነው።”

“እንግዲያው አባ፣ ኢክሪማን አንሳ አትበለው። ከእንግዲህ የሚያነሳው ነገር የለውም። ደብዳቤው የእኔ ነው። ጥያቄውም የእኔ ነው።”

ሐጂ ፊታቸው ጠቆረ። “ሩፋይዳ!”

“መኪናዋን ለገዙት አሥራ አንድ ሰዎች ትናንትና ዛሬ አንድ በአንድ ደውዬላቸዋለሁ። ተሳቢ እንዳይቀጥሉ ነግሬ፣ ነገ ጠዋት ሮማናት መሸጫችን ፊት ጠርቻቸዋለሁ። የማን እጅ እንደሰረዘ አልነገርኳቸውም፤ አልነግራቸውምም። ቁጥሩን ግን ከእኔ አይደለም መስማት ያለባቸው። ካንተ ነው። አንተ ያስመጣሃት መኪና ጥሩ መኪና ናት፣ አባ፤ ትንሹ ቁጥር አያሳፍራትም።”

ወደ አብዱልወዱድ አየች። ሽማግሌው ወገባቸውን ቀጥ አድርገው መሬት መሬት ያያሉ።

“አንድ ሰው አውቃለሁ” አለች። “ነጋዴ ሁሉ ባለበት ሸክሙን ከጀርባው አውርዶ፣ ሳይፈራ፣ ‘ልኬ ይህ ነው’ ያለ። ሳቁበት። እሱ ግን ልኩን በመናገሩ የስንቱ ወገብ ዳነ። ስሙን አልጠራም። የእኔ አባት ያ ሰው ነው ብዬ ግን ከሐሙስ ጀምሮ ራሴን ቀና አድርጌ እየሄድኩ ነው።”

የሐጂ አብዱሰመድ እጅ፣ ወደ በሩ የተነሳው እጅ፣ በአየር ላይ ቀረ። ዓይናቸው ቀስ ብሎ ወደ አብዱልወዱድ ሄደ፤ አብዱልወዱድም ቀና አሉ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ፤ በመሀላቸው አንድ የጭነት መኪና፣ አንድ መጋዘን፣ አንድ ጆንያ አለፈ።

ሩፋይዳ ደብዳቤውን በደረቷ ይዛ አንድ እርምጃ ወደ አባቷ ቀረበች።

“ነገ በሮማናት ሰው ፊት፣ ዛሬ በሽማግሌ ፊት፣ ሁሉም እየሰማ መልስልኝ፣ አባ፤ ፍሬን ለሌለው ተሳቢ፣ የመኪናህ ልክ ስንት ነው?”